የሙሽራዋ በለሶች

የወንዴው በለስ ፍሬ የሚለቀምበት ሰሞን ነበር። በዚያ ሰሞን እኛ ተራራ ላይ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው የለም። የወንዴው ፍሬ አይበላም፤ ውስጡ ግን ከትንኝ የምታንስ ተርብ አለች። እሷ ወጥታ ሴቴው በለስ ውስጥ ካልገባች ሴቴው ፍሬውን እንዳለ ያረግፈዋል። ስለዚህ ገና ጎህ ሲቀድ እንለቅመዋለን፤ በቄጠማ እየሰካን እንደ አንገት ሐብል በየሴቴው ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ እናንጠለጥለዋለን።

የመንደሩ ትልቁ ወንዴ በለስ የአባቴ እናት የኡሙሐን ነበር። እኔ ኒኔ እላታለሁ። ዛፉ የውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ነው የቆመው፤ አማቷ የተከለችው ነው። በለቀማው ሰሞን ጎረቤት ሁሉ ቅርጫቱን ይዞ እሷ ደጅ ይሰለፋል። እሷም ዛፉ ሥር በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ለወደደችው ትጨምራለች፣ ላልወደደችው እፍኝ ትቀንሳለች። ዓመቱን ሙሉ የሚያኮርፏት ሰዎች በዚያ ሰሞን እጇን ይስማሉ።

ያን ጠዋት ግን በርጩማዋ ላይ አልነበረችም። ከታች፣ ከእናቴ ዛፎች ሥር ቆማ ቅጠል ታገላብጣለች።

«ዱርሙሽ! ና እስቲ ውረድ! ና የሚስትህን ጉድ እይ!»

አባቴ ቄጠማውን በጥርሱ እንደነከሰ ከመሰላሉ ወረደ። እኔም ተከተልኩት፤ ጉድ የሚባል ነገር ሊያመልጠኝ አይችልም። ኒኔ አንዷን ቅጠል ቀንጥሳ ወደ ፀሐይ አነሳቻት። የሰው መዳፍ የምታክል፣ ጣት ጣት ያላት ቅጠል ናት። አረንጓዴው ላይ ቢጫ ጠቃጠቆ ወጥቷል። ክብ እንዳልለው ክብ አይደለም፤ ዘይት እንደነካው ወረቀት ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። አንዳንዱ ጠርዙ ዝገት መስሏል። አንደኛዋ የቅጠሏ ጣት ደግሞ ተጣምማ ቀርታለች።

«ከሙሽራዋ ጋር ነው የመጣው» አለች ኒኔ። «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። ነቅለህ ካላወጣኸው ሁላችንንም ይጨርሰናል።»

ሙሽራዋ የምትባለው እናቴ ሩኪየ ናት። እኔ ሰባት ዓመት ሞልቶኝ እሷ አሁንም ሙሽራ ነበረች፤ ኒኔ አንድ ቀን በስሟ ጠርታት አታውቅም።

እኔም ዘወር ብዬ እናቴን አየኋት። ከግንቡ ጥግ ተቀምጣ ፍሬ ትሰካለች። ያን ጸደይ ጉንጮቿና ግንባሯ ላይ ጠቆር ያለ ነገር ወጥቶባት ነበር፤ ጠርዙ የተዘበራረቀ፣ አንዱ ከአንዱ ጋር የማይመሳሰል። ጠዋት ጠዋት ከግንቡ ጀርባ ሄዳ ታስመልሳለች። የወይራ ፍሬ ሽታ አስጠልቷታል። ቅጠሏን አየሁ፣ እናቴን አየሁ፤ አንድ ዓይነት ነበር።

እርጉዝ ነበረች፣ ሌላ ምንም አይደለም። ፊቷ ላይ የወጣው ማድያት ነው። ነገር ግን በኛ ቤት እርግዝና ልጅ ፊት አይወራም፤ ሆዷንም ያ ሰፊ ሱሪዋ ይሸፍነዋል። ማንም አንድ ቃል ቢነግረኝ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። አሁንም ሳስበው ያበሽቀኛል።

ዛፎቹ ሦስት ነበሩ። ስታገባ ከሜንደሬስ ወንዝ ማዶ፣ ከአባቷ ደጅ ቅርንጫፍ አስቆርጣ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ከጥሎሿ ጋር በቅሎ ላይ ጭና ያመጣቻቸው ናቸው። እሷው ቆፍራ ተከለቻቸው፣ እሷው ውሃ ተሸክማ አሳደገቻቸው።

ጎረቤታችን ጉሊዛር ቅርጫቷን ይዛ ስትመጣ መንገድ ላይ ጠበቅኳት።

«እትዬ ጉሊዛር፣ የቅጠል በሽታ ሰው ላይ ይወጣል?»

«ምን ትይኛለሽ አንቺ?»

«ይወጣል ወይስ አይወጣም?»

«ምላስ ላይ ይወጣል፤ እንዲህ በጠዋት ለሚቀባጥር።»

ቤት ገብቼ በአባቴ መላጫ መስታወት ምላሴን አየሁት። ንጹሕ ነበር። እና ለጊዜው በእናቴ ላይ ብቻ ነው ያለው ብዬ ደመደምኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥሯ አልጠፋም። ማታ ስተኛ ጉንጯን በጣቴ እዳስሳለሁ፤ ተጣምሞ እንደሆነ ለማወቅ። «ምን ሆነሻል፣ ዝንብ ነሽ እንዴ?» ትለኛለች። አንድ ቀን ቀትር ላይ ከአባቴ ጋር ከጎተራው ኋላ ሲነጋገሩ ሰማሁ። እኔ ጎተራው ውስጥ ሰሌኑ ላይ ነበርኩ።

«ልትቆርጣቸው ነው?»

«እናቴ ዝም አትልም፣ ሩኪየ።»

«እናትህን አይደለም የጠየቅኩህ።»

«ሰው ያወራል። ወደኛ እንዳይጋባ ይላሉ። ፍሬ ማርገፍ ጀምረዋል እኮ፣ አንቺም ታዪያለሽ።»

«በዚህ ቤት የኔ የሚባለው እነሱ ናቸው። እነሱን ከነቀልክ እኔንም ነቀልከኝ ማለት ነው። ይሄን እወቅ።»

አባቴ ሲጋራውን ለኮሰና ሄደ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ በሁለት ሴቶች መሃል የሚኖር፣ ቀኑ በሰላም ከመሸ ደስ የሚለው ሰው ነበር።

እናቴ ያለችው የተበሳጨች ሚስት ንግግር ነው። ለኔ ግን ነገሩን ሁሉ የሚገልጥ ቃል ነበር። ዛፎቹና እናቴ አንድ ናቸው፤ በሽታቸው አንድ፣ ሥር መሠረታቸው አንድ። መጥረቢያው እነሱን ሲመታ እሷ ትወድቃለች።

አባቴ እንደ ልማዱ መሃል መንገድ ፈለገና ከከተማ የእርሻ መሥሪያ ቤቱን ሠራተኛ አስጠራ። ሴዛይ የሚባል ወጣት ነበር። በሞተር ሳይክል አቧራ ለብሶ መጣ፤ አንገቱ ላይ በክር የታሰረ ማጉያ መስታወት ነበረው። ወደ እናቴ ዛፎች ወረደ፤ ኒኔ ከኋላው፣ አባቴ ከኋላዋ፣ እኔ ከሁሉም ኋላ።

ሴዛይ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ አየ። አጠገቡ ቆሜ ስላየኝ ነው መሰለኝ ለኔ ማስረዳት ጀመረ።

«ተመልከቺ፣ ፀሐይ ያቃጠለው ቅጠል ከዳር ነው የሚደርቀው። ፍግ ያጣ ቅጠል ደግሞ በጅማቶቹ መካከል በሥርዓት ነው ቢጫ የሚሆነው፤ ግራውም ቀኙም እኩል። ይሄ ግን ሥርዓት የለውም። እዚህ አለ፣ እዚህ የለም። አንዱ ቅጠል ታሟል፣ ጎረቤቱ ጤነኛ ነው። ወደ ብርሃን ስታነሺው ያሳልፋል፤ ሲቆይ ጠርዙ እንደ ዝገት ይሆናል።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በትኩረት የሰማሁት ትምህርት የለም። ስለ እናቴ የሚያወራ ነበር የመሰለኝ።

«ስሙ ምንድን ነው?» አለ አባቴ።

«ቫይረስ ነው፣ ዱርሙሽ ወንድሜ። መድኃኒት የለውም።»

ቅጠሏን ከእጁ ወሰድኩና እኔም ወደ ፀሐይ አነሳኋት።

«መድኃኒት ከሌለው ምን ልትሠራ መጣህ?» አለች ኒኔ። «ስም ልታወጣለት ብቻ?»

«እናቴ፣ ይስሙኝማ። መድኃኒት የለውም እንጂ ገዳይ አይደለም። ውሃና ፍግ ካገኘ ዛፉ አብሮት ይኖራል፣ ያፈራል። መቁረጥ አያስፈልግም። ከነዚህ ዛፎች ግን ቅርንጫፍ ወስዳችሁ አትትከሉ።»

«ሰማህ ዱርሙሽ? ከነዚህ አትትከሉ አለ። ከሙሽራዋ ጋር ነው የመጣው ያልኩህ ይሄው።»

«እንደሱ አላልኩም» አለ ሴዛይ።

«ብለሃል፣ ጆሮ አለኝ።»

እነሱ ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ እኔ ወደ እናቴ ሮጥኩ። ግቢው ውስጥ ልብስ ታጥባለች።

«እማ፣ ፊትሽን ወደ ፀሐይ አዙሪው።»

«ምን?»

«አዙሪው በቃ!»

ሳቀችና አዞረች። ብርሃን አላሳለፈም። ጠርዙም ዝገት አልነበረም። ይሄ ትንሽ ተስፋ ሰጠኝ፤ ግን አላረካኝም። ግራና ቀኙ እኩል ነው እንዳልል እኩል አይደለም። ሌላ ማስረጃ መፈለግ አለብኝ ብዬ ከዛፍ ወደ ዛፍ መሄድ ጀመርኩ። ቅጠል እያነሳሁ ወደ ፀሐይ እይዛለሁ። የበለሱ ወተት ጣቴን አሳከከኝ፣ በቀሚሴ እየጠረግኩ ቀጠልኩ። ከዳር የደረቀ፣ ይሄ ፀሐይ ነው። በሥርዓት ቢጫ የሆነ፣ ይሄ ረሃብ ነው። ጉድጓዱ ጋ ደረስኩ። የወንዴውን ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ሳብኩ።

እዚያ ነበር። ዘይት የነካው ወረቀት፣ የዛገ ጠርዝ፣ የተጣመመ ጣት። ሌላ ቅርንጫፍ ሳብኩ፤ እዚያም አለ። ከእናቴ ዛፎች ይብሳል።

ቅጠሏን ይዤ ስሮጥ ደስታዬን አልችለውም። ኒኔም ታማለች ማለት ነው! ሁለቱም ከታመሙ እናቴን ለይተው ሊነቅሏት አይችሉም።

«ይሄስ?» ብዬ ለሴዛይ ሰጠሁት።

የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ ብርሃን ያዘው። «ይሄማ ራሱ ነው። ጎበዝ! ከየት አመጣሽው?»

«ከኒኔ ወንዴ።»

ግቢው ውስጥ ፍሬ ሊወስዱ ቅርጫት ይዘው የተሰለፉ ሰዎች ነበሩ። ሁሉም ወደኛ ዞሩ።

«ውሸቷን ነው!» አለች ኒኔ። «ከእናቷ ዛፍ ነው የቀነጠሰችው። አስጠንታ ልካት ነው!»

ሴዛይ ተነስቶ ወደ ጉድጓዱ ሄደ። ኒኔ በዚያ ዕድሜዋ ቀድማው ደርሳ በርጩማዋን ከግንዱ ፊት አድርጋ ተቀመጠች። እሱ እጁን በትከሻዋ ላይ አሳልፎ ቅርንጫፉን ሳበ።

«እናቴ፣ ይኸው። እዚህም። እዚህም። እንዲያውም የሚብሰው ይሄ ነው። ይሄ ዛፍ የቆየ በሽተኛ ነው።»

«ፀሐይ ነው የመታው።»

«ፀሐይ አይደለም።»

«አማቴ ይሄን ስትተክል የአንተ መሥሪያ ቤት ቀርቶ አባትህ አልተወለደም። አሁን አንተ መጥተህ በሽተኛ ትለዋለህ?»

እኔ የሚቀጥለውን ጠበቅኩ። ሰዎቹ ሁሉ አይተዋል፤ በዓይናቸው። አንድ ሰው «እንግዲህ የሙሽራዋ ጥፋት አይደለም» ይላል ብዬ አፍ አፋቸውን አየሁ። ጉሊዛር ቅርጫቷን ከአንዱ ወገብ ወደ ሌላው አዛወረችና፦

«በሉ እንጂ ኡሙሐን፣ ፀሐይ ሳይበረታ ፍሬውን ስጡን። ተርቦቹ ወጥተው ማለቃቸው ነው» አለች።

በቃ። ሁሉም ከዚያው ዛፍ ፍሬውን ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ በየዛፉ ሊያንጠለጥል ሄደ። ሴዛይ ሞተሩን አስነስቶ ወረደ። ሲሄድ ለአባቴ «እንዳትቆርጥ» ብሎ ጮኸ፤ ይሄን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዛሬ ጥቂት ዓመት በፊት የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሥልጠና አለ ብሎን ሄድኩ። እኔ ትምህርቴ ከማንበብና ከመጻፍ አያልፍም፤ ግን ስለ በለስ ከሆነ ማንም ከፊት ወንበር አያስነሳኝም። አንዲት ልጅ እግር ባለሙያ ይሄን በሽታ ከዛፍ ዛፍ የምታዛውረው በዓይን የማትታይ ተባይ ናት፣ እምቡጥ ውስጥ ትኖራለች፣ ወንዴው ፍሬ ውስጥም ትገኛለች አለች። እጄን አወጣሁ።

«ታዲያ ከታመመ ወንዴ ፍሬ ወስደን ስናንጠለጥል አብራ ትሄዳለች ማለት ነው?»

«ልትሄድ ትችላለች፣ እናቴ። ለዚህ ነው ወንዴውን መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ።»

ብድግ አልኩ። ያን ሁሉ ዘመን በገዛ እጃችን ሐብል ሠርተን በየዛፉ አንገት ላይ ስናስር ኖረናል፤ ምናልባት የእናቴ ዛፎችም ከማዶ ጤነኛ መጥተው እኛ ዘንድ ነው የታመሙት ብዬ ለአዳራሹ ተናገርኩ። ከኋላ አንዱ ሽማግሌ፦

«ሻዚየ ደግሞ የሞተች አያቷን ልትከስ መጣች» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ልጅቷም ሳቀች፤ ምን እንደሆነ ሳታውቅ።

ወደዚያ ሰሞን ልመለስ። ሴዛይ ከሄደ በኋላ ኒኔ መብል ተወች። ምግብ ሲቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። «እኔ ከሞትኩ በኋላ ወንዴውንም ቁረጠው፣ ሙሽራህም ደስ ይበላት» ትላለች። ማንም ወንዴውን እቆርጣለሁ ያለ አልነበረም። አባቴ ይወጣል፣ ይገባል። በመጨረሻ አንድ ጠዋት መጥረቢያውን ሲስል ሰማሁት።

ካደግኩ በኋላ ጠይቄዋለሁ። «ሰውየው አትቁረጥ ብሎህ ነበር እኮ፣ አባ። ለምን?»

«አንድ ነገር መደረግ ነበረበት» አለኝ።

«ለምን የእሷ?»

«ወንዴው ቢቆረጥ መንደሩ ሁሉ ምን ያደርግ ነበር?»

«አንዱም መቆረጥ የለበትም ነው እኮ የተባለው!»

«አንድ ነገር መደረግ ነበረበት» አለ ደግሞ። ከዚህ በላይ ከሱ አላገኘሁም፤ ይሄንኑ እንዳለ ሞተ።

ያን ጠዋት እናቴ በሩ መቃን ላይ ቆመች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። እኔ ከኋላዋ ሆኜ ሱሪዋን በሁለት እጄ ጨበጥኩ፤ እግሬንም ከፈት አድርጌ ቆምኩ። ስትወድቅ ልይዛት ነው። የመጥረቢያው የመጀመሪያ ምት ሲያርፍ ሰውነቷን ነዘራት፤ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ። የበለስ እንጨት ለስላሳ ነው፣ ብዙ አያታግልም። ቅጠሉ እየተንኮሻኮሸ ሲወድቅ ሰማሁ።

ዓይኔን ገለጥኩ። ቆማለች።

ሁለተኛው ወደቀ። ከጉቶው ነጩ ወተት እየፈሰሰ ነበር። ቀና ብዬ አየኋት። ቆማለች። ይሄኛው ይሆናል፣ መጨረሻው ይሆናል የሚጥላት ብዬ ጥርሴን ነክሼ ሱሪዋን ይበልጥ ጨበጥኩ። ሦስተኛው ትልቁ ነበር፤ አባቴ ቆም እያለ ላቡን ይጠርጋል። ተገነደሰ። አቧራው ተነሳ።

እናቴ ቆማለች። ትተነፍሳለች። አልተነቀለችም!

ሱሪዋን ለቀቅኩና ወደ ግቢው መሃል ዘልዬ አጨበጨብኩ። እየሳቅኩ፣ እየዘለልኩ፣ መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ኒኔ በርጩማዋ ላይ ሆና ሳቀች። «አያችሁ? ልጅቷ እንኳ ገብቷታል!»

እናቴ ከበሩ ወርዳ ቀስ ብላ ወደኔ መጣች። በጥፊ መታችኝ። እናቴ ልጅ የምትመታ ሴት አልነበረችም። ከዚያ ገብታ ያቦካችውን ሊጥ ጋገረችው፤ ሁሉንም፣ አንድ ሳታስቀር። ጋግራ ስትጨርስ ዳቦውን በጨርቅ ሸፈነች፣ ጓዟን ጠቅልላ ወንዙን ተሻግራ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። እኔን አልወሰደችኝም።

በመከር ተመለሰች፤ ወንድሜን ያሻርን ታቅፋ። ፊቷ ጠርቶ ነበር፣ አንድ ጠቃጠቆ አልቀረበትም። እና እኔ ምን አልኩ? አባቴ ዛፎቹን ቆርጦ እናቴን አዳናት አልኩ። ለብዙ ዓመት እንደዚያ ነው የማምነው የነበረው። ራሴ አርግዤ ማድያት ሲወጣብኝ ነው የገባኝ፤ መስታወት ፊት ቁጭ ብዬ በንዴት አለቀስኩ። ባሌ በመልኬ ያዘንኩ መስሎት ሊያጽናናኝ ሞከረ።

በሚቀጥለው ጸደይ ጠቃጠቆው በቀሩት ዛፎቻችን ላይ ሁሉ ወጣ። ኒኔ ቅጠሉን አየችና «ሥሩ ቀርቶ ነው» አለች። «የሙሽራዋ ሥር መሬት ውስጥ ቀርቶ ነው።» የሰማት ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

እናቴ አሁን አርጅታለች፣ ከኔ ጋር ነው የምትኖረው። ባለፈው ነሐሴ ሸምበቆው ምንጣፍ ላይ የደረቀ በለስ እየለየን ነበር፤ እሷ ደህናውን፣ እኔ የተሰነጠቀውን። ዘንድሮስ እነግራታለሁ ብዬ ቆርጬ ነበርና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ቅጠሉን፣ ማድያቱን፣ ጎተራው ውስጥ የሰማሁትን፣ ሱሪዋን የጨበጥኩትን። እሷ በለሱን በጣቷ እየተጫነች ትሰማለች።

«የምትሞቺ መስሎኝ ነበር፣ እማ። ዛፉ ሲወድቅ አብረሽ የምትወድቂ መስሎኝ። አለመሞትሽን ሳይ ነው ደስ ያለኝ።»

«ዛፍ ተቆረጠ ተብሎ ሰው ይሞታል እንዴ?»

«ሰባት ዓመቴ ነበር!»

«ያሻር በሰባት ዓመቱ ከብት ይጠብቅ ነበር።»

«እማ፣ ለኒኔ አይደለም ያጨበጨብኩት። ላንቺ ነው። ገባሽ? ላንቺ ነው!»

አንዱን በለስ አነሳች፣ አገላበጠች፣ ወደ እኔ ክምር ወረወረችው።

«አጨብጭበሻል» አለችኝ። «በዓይኔ ነው ያየሁት። በሁለት እጅሽ።»